መንጠቆ ያልተነካበት ክረምት

ፉሪ፣ እኛ ሰፈር፣ ውኃ ሦስት አራት ቀን ይጠፋል። ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያስላል፤ ቀጥሎ ዝገትና የቆየ ጭቃ የሚሸት ቡናማ ውኃ ይተፋል። ጎረቤቶቼ እስኪጠራ ድረስ ከፍተውት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ አሸተዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ አየችኝና፣ «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ሽታው ግን ወደ አስር ዓመቴ መልሶ፣ ከሰበታ ወጣ ብሎ በሚገኝ የተዘጋ የአበባ እርሻ ውስጥ፣ አንድ የብረት ክዳን ፊት አቁሞኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ እናቴና እኔ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል። እናቴ ልብስ ስፌት ቤት ጠዋት ገብታ ማታ ነበር የምትወጣው። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሌላ ጊዜ ክረምቱን የምታቆየኝ ጎረቤታችን ቤት ቀይራ ሄዳ ስለነበር፣ እናቴ ልብሴን በፌስታል ጠቅልላ አባቷ ዘንድ ወሰደችኝ።

አያቴን ሰው ሁሉ ኦቦ ገመቹ ይላቸዋል። እኔ የምጠራቸው አካኮ ብዬ ነው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የአበባ እርሻው ጥበቃ ነበሩ። እርሻው ከተዘጋ ሦስት ዓመት አልፎታል። ባለቤቱ «እመለሳለሁ፤ ምንም ነገር እንዳይነካ» ብሎ ሄደ፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ። የቀሩት ሁለት ጥበቃዎች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ኦቦ ቱፋ በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ታመው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አካኮ ብቻቸውን ናቸው።

ሚኒባስ ውስጥ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ቢፍቱ፣ አንድ አደራ አለብሽ» አለችኝ። «አባባ ድምፅ እሰማለሁ ማለት ጀምረዋል። ብቻቸውን ሲያወሩ ወይ የሌለ ነገር ሲያዩ ካየሽ፣ ስመጣ ትነግሪኛለሽ። ለእሳቸው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ሰላይ መደረጌ በጣም ደስ አለኝ። እስክንደርስ ድረስ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

እርሻውን ሳይ ግን ደስታዬ ጠፋ። ሠራተኞቹ ግሪንሃውስ የሚሏቸው ረጃጅም የላስቲክ ቤቶች ተራ በተራ ቆመዋል፤ ላስቲካቸው ተቀዷል። ነፋስ ሲገባ ጣሪያቸው ይነፋል፤ ሲወጣ ይሟሽሻል። የተኛ ሰው ደረት ይመስላል። ጽጌረዳዎቹን የሚቆርጣቸው በመጥፋቱ ከሰው ቁመት በላይ አድገው በጣሪያው ቀዳዳ ወጥተዋል። እምቡጦቹ ሳይፈነዱ ዝናብ አበስብሷቸው ቡናማ ሆነው እዚያው ግንዳቸው ላይ ተሰቅለዋል። ከሁሉ ያስፈራኝ አበባ የሚታሸግበት ክፍል ነበር። የሴቶቹ ሽርጥ በየሚስማሩ ተንጠልጥሏል። የላስቲክ ጓንቶቻቸው ሽቦ ላይ እንደተሰጡ ጣቶቻቸው እንዳበጡ ደርቀዋል፤ እያንዳንዱ ውስጥ እጅ ያለ ይመስላል።

«አካኮ፣ የማን ናቸው?»

«የልጆቹ፤ የሠራተኞቹ።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ሲጠሯቸው ነዋ» አሉኝ፤ አባባላቸው ነገ የሚጠሯቸው ይመስል ነበር። እኔም አመንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ባለፍኩ ቁጥር ወደ ጓንቶቹ ዞር ብዬ «ደህና ዋላችሁ?» እል ነበር።

ከግሪንሃውሶቹ ጀርባ ኩሬው አለ። የትምህርት ቤታችንን ሜዳ ያህላል፤ ውኃ እንዳይሰርግ ከስሩ ጥቁር ላስቲክ ስለተነጠፈበት ውኃው በጠራራ ፀሐይም ጥቁር ነው። እርሻው ሲሠራ አንድ ባለሙያ የወባ ትንኝ እጭና አረንጓዴውን ዝቃጭ እንዲበሉለት የዓሣ ጫጩት አምጥቶ ጨመረበት። ቆሮሶ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጠፍጣፋ፣ እሾሃም ጀርባ ያለው። በዙ። አካኮና ኦቦ ቱፋ ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በሸምበቆ ዘንግ እያጠመዱ ይበሉና ለሠራተኞቹም ይሰጡ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ጎርፍ የተባይ መድኃኒት መጋዘኑን አጥቦ ኩሬው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ መንጠቆው አልተነካም።

ነገሩ ሁሉ የተያያዘው እዚህ ላይ ነው። አጎቴ ደረጀ ከሱሉልታ ጫንጮ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሱሉልታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ አባቱን ሊወስዳቸው ይለምናቸዋል። እሳቸው እምቢ አሉ።

እኔ በደረስኩበት ቀን እሱም መጥቶ ነበር። «አባባ፣ ምኑን ነው የሚጠብቁት?» አላቸው። «ባለቤቱ የለ፣ ሠራተኛ የለ፣ አበባው በስብሷል።»

«ዓሣዎቹስ?»

«ዓሣዎቹ እኮ ሞተዋል! በመርዙ አልቀዋል። ባዶ ውኃ ነው የሚጠብቁት!»

«ሞተው ቢሆን ይንሳፈፉ ነበር» አሉ አካኮ። «አንድም አልተንሳፈፈም።»

ደረጀ ተናደደ። እናቴ በመካከል ገባችና ስምምነት ላይ ደረሱ። እስከ ጳጉሜ መጨረሻ አካኮ አንድ ዓሣ፣ አንድ ብቻ፣ በመንጠቆ ከያዙ የሚነካቸው የለም። ካልያዙ ሱሉልታ ይገባሉ።

«ጋሪ» አሉ አካኮ፤ በኦሮምኛ እሺ ማለታቸው ነው። ወዲያው ተነሥተው ትል ሊቆፍሩ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠዋት ጉሙ ከኩሬው ላይ ሳይነሳ እንወርዳለን። አካኮ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እኔ የኦቦ ቱፋን ትልቅ ቦት ጫማ በጨርቅ ጠቅጥቄ አድርጌ። ቦቱ ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ከኦቦ ቱፋ ቆብ ሥር ነበር የሚቀመጠው። አካኮ የናይለኑን ክር ይወረውራሉ፤ የጠርሙስ ቡሿ ጥቁሩ ውኃ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እሷን ማየት ነው። ዝናብ ሲመጣ ኩሬው ዳር ባለው ፓምፕ ቤት ጥግ እንጠለላለን፤ ሲያባራ እንመለሳለን። ቡሿ አትነቃነቅም።

በመጀመሪያው ሳምንት ጎበዝ ነበርኩ። በሁለተኛው አለቀስኩ። «የሉም እኮ አካኮ! አጎቴ ደረጀ እንዳለው ነው።»

አልተቆጡም። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ብርድ ነው» አሉኝ። «ዓሣ በብርድ አፉን ዘግቶ ከታች ይተኛል። አፉን ስለዘጋ የለም ማለት አይደለም። እኛ ሥራችንን እንሠራለን። ዛሬ ጥልቀቱን እንለውጣለን፤ ነገ ቦታውን፤ ከነገ ወዲያ ትሉን ትተን ሊጥ እናደርጋለን። ሁሉን ባንዴ ከለወጥሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።»

«ምንም ካልሠራስ?»

«ያኔ ደግሞ አንድ ነገር አይተሽ ትገቢያለሽ። ትናንት ያላየሽውን። ባዶ እጅ መግባት ይቻላል፤ ባዶ ዓይን ግን አይቻልም።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያየሁትን መናገር ግዴታዬ ሆነ። መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ ሰማያዊ የውኃ ተርብ፣ እግሯን ውኃ ውስጥ ረስታ የቆመች ሳቢሳ ወፍ። ቀኑ ሲገፋ ግን ቀላል ቀላሉ አለቀብኝ። ብዙ ባየሁ ቁጥር የማየው ነገር ተለወጠ። ጉሙ ሁልጊዜ ከአንድ ጥግ እንደሚጀምር አየሁ። ወፎች የኩሬውን ውኃ እየጠጡ በፓምፕ ቤቱ በኩል ባለው ዳር ግን እንደማያርፉ አየሁ። ይህን ስነግራቸው አካኮ እንጀራውን አፋቸው ሳያደርሱ ቆሙና፣ «እሱን እኔም አይቻለሁ» አሉ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ቡሿ ሰጠመች።

ዘንጉ በእኔ እጅ ነበር። «ያዘ! ያዘ!» ብዬ ጮህኩ። አካኮ ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን በእጄ ላይ አደረጉ፤ አብረን ሳብን። ከባድ ነው፤ አይታገልም፤ ዝም ብሎ ይመጣል። ከጥቁሩ ውኃ መጀመሪያ የወጡት አምስት ጣቶች ነበሩ። ያበጡ፣ ነጫጭ፣ ወደ ላይ የተዘረጉ።

ዘንጉን ለቅቄ ሮጥኩ። ጥበቃ ክፍሉ ገብቼ ከአልጋው ሥር ተደበቅኩ። አካኮ ቀስ ብለው መጡና በሩ ላይ ቆመው፣ «ጓንት ነው» አሉ። «ጭቃ የሞላ ጓንት። ነይ እይው።»

አላየሁም። እሳቸው ጭቃውን አጥበው፣ ወስደው ከሌሎቹ ጓንቶች ጎን ሽቦው ላይ ሰቀሉት። «የአንዷ ይሆናል፤ ትፈልገው ይሆናል» አሉ። ሌሎቹ ደረቅ ናቸው፤ ያ አንዱ ግን ለቀናት ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ድምፁን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ገብተናል። ፓምፖቹ ከተነሱ ቆይተዋል፤ ወለሉ መሃል ላይ በብሎን የታሰረ፣ የበር ያህል ሰፊ የብረት ክዳን አለ። አካኮ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ጨሊሲ» አሉኝ፤ ዝም በይ።

ደብ። ደብ። ደብ።

ከክዳኑ ሥር ነው። ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ጸጥታ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና።

አካኮ ፊታቸው በራ። «ሰማሽ አይደል? ሰው ሁሉ ሞተዋል ይላል። አልሞቱም። እዚህ ሥር ናቸው።»

እሳቸው የሚሉት ዓሣዎቹን ነበር። እኔ ግን ልጅ ነኝ፤ ለትልቅ ሰው «ናቸው»፣ «አልሞቱም» እየተባለ ነው ያደግሁት። በዚያ ቦታ ሞቱ ሲባል የማውቀው አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ነው። ለምን እንደሚያንኳኩም ገባኝ፤ ቦት ጫማቸው እግሬ ላይ ነበር። ጫማውን እዚያው አውልቄ በባዶ እግሬ ዝናብ ውስጥ ወጣሁ። አካኮ ለምን እንደሆነ ቢጠይቁኝም አልተናገርኩም። አደራ ነበረብኝ፤ ሰላይ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ቱፋ ከክዳኑ ሥር ይኖሩ ጀመር። ፈራኋቸው፤ ግን ደግሞ አሳዘኑኝ፤ ጨለማና ውኃ ውስጥ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ቆሜ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ቱፋ?» እል ነበር፤ እንዴት አደሩ። ከቁርሴ ቁራሽ ዳቦ እየደበቅሁ ክዳኑ ላይ አስቀምጣለሁ። በማግሥቱ የለም። አይጥ ይሆናል፤ አሁን ሳስበው። አንድ ቀን ግን አካኮ ትል ሊቆፍሩ ሲሄዱ ድንጋይ አንሥቼ ክዳኑን ሦስት ጊዜ መታሁት። ምንም። ልወጣ ስል፣ እግሬ ሥር፦

ደብ። ደብ። ደብ።

ብረቱ በእግሬ ጣቶች ሥር ሲነዝር ዛሬም ይሰማኛል። ያን ማታ አካኮ «ዛሬስ ምን አየሽ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኩ። እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ጳጉሜ ደረሰ። ቡሿ እንደቆመች ነው። ያን ሳምንት ዝናቡም ከስንት ጊዜ በኋላ አረፈ፤ ሰማዩ ተከፈተ። በመጨረሻው ቀን እናቴና ደረጀ መጡ። ደረጀ አባቱን እንዳያሳፍር ስለ ዓሣ አልጠየቀም፤ «እቃዎን ላግዝዎ?» ብቻ አለ።

«ቆይ» አሉ አካኮ። «በመንጠቆ አልያዝኩም፤ ቃሌ ቃል ነው፣ እሄዳለሁ። ግን ሞተዋል ያላችሁትን መጥታችሁ ስሙ።»

ሁላችንም ፓምፕ ቤቱ ገብተን በክዳኑ ዙሪያ ቆምን። ጠበቅን። ምንም የለም። አካኮ ተንበርክከው ጆሯቸውን ብረቱ ላይ አደረጉ። ደረጀ እናቴን አያት፤ እናቴ ዓይኗን ሰበረች። ጸጥታው ሲረዝም አካኮ ቀና አሉና፣ «ልጅቷን ጠይቋት» አሉ። «ብዙ ቀን አብረን ሰምተናል። ቢፍቱ፣ ንገሪያቸው።»

እናቴ ፊቴ ቁጭ ብላ እጆቼን ያዘች። «ሰምተሻል?»

ሦስቱም ያዩኛል። ሰምቻለሁ ብል እዚያው ትተውኝ የሚሄዱ መሰለኝ፤ አካኮ ይቀራሉ፣ እኔም እቀራለሁ፣ ጫማቸውን ያደረግሁባቸው ሰውዬ ከሥር አሉ። ቤቴን ፈለግሁ። የቡራዩዋን ክፍላችንን፣ የእናቴን አልጋ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

አካኮ ቶሎ አልተነሡም። እጃቸው ክዳኑ ላይ ነበር። ከዚያ ጉልበታቸውን አራግፈው፣ «አትጨቅጭቋት፤ ልጅ ናት» አሉ። «እኔ ነኝ የምሰማው።» ዓይኔን ግን አላዩም። ቆባቸውን አድርገው፣ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የግቢውን በር ቆልፈው በደረጀ ሚኒባስ ሄዱ።

እኔ እንደፈለግሁት ቡራዩ ገባሁ። አልጋው እንደ ድሮው አልነበረም። ከላይ ጎረቤት ወንበር በሳበ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማታ ራት ስንበላ ደረጀ ደወለ። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ይሰማኛል። «አባባ ምግብ ትተዋል» አለ። «ግድግዳ እያዩ ነው የሚውሉት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ልጅቷ አብራኝ ቁጭ ብላ ካልሰማች፣ እውነትም የታመምኩት እኔ ነኝ› አሉኝ።»

የያዝኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩ። እናቴ ስልኩን እስክትዘጋ መቆየት አልቻልኩም። «ሰምቻለሁ» አልኳት። «እማዬ፣ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ። መልሰውም አንኳኩልኝ።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

«እዚያ የምትተዪኝ መሰለኝ። ኦቦ ቱፋ አሉ ደግሞ፣ ከክዳኑ ሥር።»

እናቴ አማተበች።

እሑድ ሁላችንም እዚያው ተገናኘን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግሪንሃውሶቹ ያንጠባጥቡ ነበር። አካኮ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንሰዋል፤ ካፖርቱ ሰፍቷቸዋል። ስሜአቸው «ደህና ነሽ» አሉኝ እንጂ እንደ ወትሮው ራሴን አልዳበሱኝም። ደረጀ ቧንቧ የሚፈታበትን ትልቁን ፓፓጋሎ ይዞ ገባ። አካኮ ግን በሩ ላይ ቀሩ።

«አልገባም» አሉ። «ብሰማ ደግሞ ያመኛል።»

እናቴ ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት፦

ደብ። ደብ። ደብ።

ደረጀ ወደ ኋላ ዘለለና ፓፓጋሎውን ጣለው። እናቴ «እመብርሃን!» ብላ ክንዴን ጨመደደችው። አካኮ አልተንቀሳቀሱም። የእናቴን ፊት አዩ፤ የደረጀን ፊት አዩ።

«ሰማችሁ?» አሉ በቀስታ።

«ሰማን አባባ» አለ ደረጀ። «ሰማን።»

አካኮ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅርታ ማለት አቃተኝ፤ የካፖርታቸውን ጫፍ ያዝኩ። እሳቸውም ይዤው እንድቀመጥ ተዉኝ።

«ባለቤቱ አይነካ ብሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ፊታቸውን ጠርገው ተነሡ። «እስካሁን አልነካሁም። ክፈተው።»

የዛጉት ብሎኖች እየጮሁ ተፈቱ። ክዳኑ ሲነሣ ያ ሽታ ወጣ፤ ዝገትና የቆየ ጭቃ። ከሥሩ ከኩሬው በቧንቧ ውኃ የሚገባበት በሲሚንቶ የተሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ከዝናቡ የተነሣ ሞልቶ አፉ ላይ ደርሷል። ደረጀ የስልኩን መብራት አበራ። ጥቁሩ ውኃ ሥር አንድ ገረጣ ያለ ነገር ዞረ፤ ቀስ ብሎ ወጣ። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ራስ። ረጃጅም ጢም። ሽምብራ የሚያህሉ ዓይኖች። ሰፊ አፉን ከፍቶ፣ ሰው ትኩስ ነገር ፉት ሲል የሚያሰማውን በሚመስል ድምፅ አየር ሳበና ተመልሶ ገባ።

«ኦቦ ቱፋ ናቸው?» አልኩ።

ደረጀ ሳቀ፤ ከድንጋጤው ጋር የተቀላቀለ ሳቅ። አካኮ አልሳቁም። አየት አድርገውኝ፣ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «ያን ሁሉ ቀን ይህን ይዘሽ ነው የቆየሽው?» አሉኝ። «ብቻሽን?»

አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነበር። ደረጀ እንደገመተው ትንሽ ሳለ በቧንቧው አፍ ባለው ወንፊት ሾልኮ ገብቶ፣ እዚያው የሚገባውን ሁሉ እየበላ አድጎ፣ መውጣት አቅቶት ቀርቷል። አምባዛ አየር ሊስብ ብቅ ይላል፤ ዝናብ ውኃውን ሲሞላው ራሱ ከክዳኑ ይጋጫል። ያን የጳጉሜ ቀን ውኃው ወርዶ ስለነበር ክዳኑ ጋ አልደረሰም። የግንባሩ ቆዳ ተልጦ ነጭ ሆኗል። አንድ ነገር ግን ማንም አላወቀም። «እኛ አምባዛ ጨምረን አናውቅም» አሉ አካኮ። «ቆሮሶ ብቻ ነው የመጣው።»

ደረጀ ሊያርደው ፈልጎ ነበር። አካኮ እምቢ አሉ። በጆንያ ጠቅልለው፣ ሁለቱ ተሸክመው፣ ኩሬው ዳር አወረዱት። ለጥቂት ጊዜ የማይሄድ መስሎ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ጥላ ጠፋ።

«እንግዲህ ዓሣም ተገኘ፤ ይቆዩ» አለ ደረጀ።

«በመንጠቆ አልያዝኩትም» አሉ አካኮ። «ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ስጠኝ። የምፈልገው ቆሮሶዎቹን ማየት ነው።»

ሰጣቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ትወስደኝ ጀመር። መስከረምም ጥቅምትም፣ ውርጩ ሣሩን ያነጣበት ኅዳርም አለፈ። አካኮ ጥልቀት ይለውጣሉ፤ ቦታ ይለውጣሉ። እኔ አሁን አላለቅስም። ፓምፕ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ በዚያ በኩል ወፎች ማረፍ ጀምረዋል።

የካቲት ላይ፣ ፀሐዩ ጀርባችንን ሲያቃጥል፣ ቡሿ ሁለት ጊዜ ነቀነቀችና ጎን ለጎን ሄደች። ይሄኛው ይታገላል፤ ክሩ ይዘፍናል። መዳፍ የምታህል ቆሮሶ ነበረች። ጅራቷ ግማሹ የለም፤ ከዱሮ ንክሻ የዳነ ክብ ጠባሳ አለው። አካኮ እርጥብ እጃቸው ላይ አስቀምጠው እያገላበጡ አዩዋት። «አየሽ?» አሉ። «ነበሩ።» ከንፈሯን ሳይቀዱ መንጠቆውን አውጥተው ለቀቋት። ከዚያ ያለወትሯቸው ክሩን በሙሉ ጠቀለሉ።

በማግሥቱ ለደረጀ የደወሉት እሳቸው ናቸው። «ና ውሰደኝ» አሉት።

ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ፣ አካኮ ሳጥናቸውን አስጭነው ወደ መውጫው ሲሄዱ፣ እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የኩሬው ግድብ ጫፍ ላይ ወጣሁ። ነፋስ የለም። ውኃው እንደ መስተዋት ተኝቷል። መሃሉ ላይ አንድ ሰፊ ክብ ተከፈተ፤ ግንባሩ የተላጠው ራስ ወጥቶ አየር ፉት አለና ገባ። ወዲያው ከእሱ ራቅ ብሎ ሌላ ክብ ተከፈተ። የወጣው ራስ ጥቁር ነው፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ጠባሳ የለውም። አልተቻኮለም። ሦስተኛው የተከፈተው እኔ ከቆምኩበት ዳር ሥር ነበር።

«አካኮ!» ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው በሩ ጋ ደርሰዋል፤ ጀርባቸው ቀና ብሏል፤ ከደረጀ ጋር እየሳቁ ነው።

ብነግራቸው ይመለሱ ነበር። አፌን ዘግቼ ሮጬ ደረስኩባቸውና እጃቸውን ያዝኩ።